የውሉ የመጨረሻ አንቀጽ ስንት ያስከፍላል?

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ከተማዋ አብራው ተወለደች፤ ይህን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ያው ሐዲድ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ የዓለም አቀፍ ሙግት ምክንያት መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ2006 የአሮጌውን መስመር እድሳት ኮንስታ ለሚባል የጣሊያን ተቋራጮች ጥምረት ሰጠ። ገንዘቡ ከአውሮፓ ልማት ፈንድ የተገኘ ነበር። ሥራው እንደታሰበው አልሄደም። በ2013 ጉዳዩ መቀመጫው ሄግ በሆነው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ተመዘገበ፤ በ2016 የግልግል ዳኞቹ ባቡር ድርጅቱ ለተቋራጩ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንዲከፍል ወሰኑ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቆ፣ የድሬዳዋ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። በ2018 ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔውን ሻረው። ከፊርማው እስከ ሰበር 12 ዓመት መሆኑ ነው።

ማን ትክክል ነበር የሚለው ለሕግ ሊቃውንት ይተው። ነጋዴውን የሚመለከተው እንዲህ ያለ ሙግት ስንት ይፈጃል የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያስበው የዳኞቹን ክፍያ ነው፤ ሒሳቡም የሚዛባው እዚሁ ላይ ነው። ፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት በራሱ የግልግል ፍርድ ቤት የታዩ ጉዳዮችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ከጠቅላላው ወጪ 83 በመቶው ተከራካሪዎቹ ለጠበቃ፣ ለምስክርና ለባለሙያ ያወጡት ሆኖ ተገኝቷል። የዳኞቹ ድርሻ 15 በመቶ፣ የተቋሙ 2 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህ ለድሬዳዋ የሩቅ ወሬ አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው እዚሁ ነው፤ ከውጭ አቅራቢና ገዢ ጋር የሚፈረመውም ውል ይበዛል። ነጋዴው በዋጋው ላይ ሳንቲም ሳይቀር ይከራከራል፣ ማስረከቢያ ቀኑን ደጋግሞ ያያል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶው ከእጁ ገብቷል። «አለመግባባት ቢፈጠር በሦስት ዳኞች፣ በፓሪስ፣ በእንግሊዝኛ ይታያል» የሚለው አንቀጽ እዚያ ተቀምጧል፤ የወጪው ዋና ክፍልም የሚወሰነው በዚያች መስመር ነው።

በቁጥር ይታይ። በፓሪሱ ተቋም አቤቱታ ለማስገባት 5 ሺህ ዶላር ይከፈላል፤ አይመለስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 285 ሺህ ብር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ክፍያ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ወጪውን በብር ገምቶ የተቀመጠ ሰው ገና ሙግቱ ሳይጀመር በጀቱ ፈረሰበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ለዳኞቹና ለተቋሙ የሚያዘው ቅድመ ክፍያ አለ። መጠኑ የሚሰላው ክርክር በተነሳበት ገንዘብ ልክ ነው፤ ዳኞቹ ሦስት ሲሆኑ የዳኝነት ክፍያውም በሦስት ይባዛል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ይከፍላሉ ይባል እንጂ ተከሳሹ አልከፍልም ካለ ከሳሹ የሁለቱንም ካልሸፈነ ጉዳዩ አይራመድም። ገንዘቤን ተከለከልኩ ብሎ የሄደ ሰው የከለከለውን ወገን ድርሻ ጭምር ይከፍላል! ይህን ሳያውቁ ክስ መጀመር አደገኛ ነው።

ወረቀቱም ገንዘብ ይበላል። የአማርኛ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የመጋዘን መረከቢያ ሁሉ ገጽ በገጽ ይተረጎማል። ምስክር ቪዛና ትኬት ይፈልጋል። ውሉ ላይ «አዲስ አበባ» ተብሎ መጻፉም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ከጣሊያኑ ሳሊኒ ጋር በተሟገተበት ጉዳይ የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ ሆኖ ሳለ ዳኞቹ ቃል የሚሰማው ፓሪስ ነው አሉ። ባለሥልጣኑ ዳኞቹ እንዲነሱ ጠየቀ፣ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤትም እግድ ሰጠ፤ ዳኞቹ ግን በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. እንቀጥላለን ብለው ወሰኑ። ዋናው ክርክር ሳይነካ ስለ ቦታው ብቻ ስንት የጠበቃ ሰዓት እንደሄደ መገመት አያዳግትም።

መፍትሔው ግልግልን መሸሽ አይደለም፤ የውጭው ገዢ በድሬዳዋ ፍርድ ቤት እዳኛለሁ ብሎ አይፈርምም። ነገር ግን አንድ ዳኛ ብሎ መጻፍ ይቻላል። የፓሪሱ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በተደረጉ ስምምነቶች ላይ እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ክርክርን በአንድ ዳኛ በስድስት ወር ለመጨረስ የሚያስችል የተፋጠነ ሥርዓት አለው። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትም የራሱ የግልግል ተቋም አለው፤ ለመካከለኛ ገንዘብ ክርክር መጀመሪያ መታሰብ ያለበት እሱ ነው።

ሰበርም ከዚሁ ሒሳብ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ተዋዋዮች በስምምነት ካልዘጉት በቀር መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ወገን ሰበር መሄድ ይችላል። በሩን መዝጋት ዓመታትንና የጠበቃ ወጪን ይቆጥባል፤ የባቡር ድርጅቱ 20 ሚሊዮን ዩሮ ግን የዳነው በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። የትኛው እንደሚሻል ነጋዴው ከጠበቃው ጋር መምከር ያለበት ከፊርማው በፊት ነው፤ ጠቡ ከተነሳ ወዲያ ይህን አንቀጽ ለመለወጥ የሌላው ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል።