የመንገዱ ሰዓት ለምን አይከፈልም?

እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ተንከባካቢ ማለዳ አንድ አዛውንት አጥባ፣ አልብሳ፣ ቁርስና መድኃኒት ሰጥታ ወደ ቀጣዩ ቤት በአውቶቡስ ትሮጣለች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው የጉዞ ጊዜ በዝቅተኛው ደመወዝ ስሌት እንዲገባ ሕጉ ያዛል። ብዙ አሠሪዎች ግን የሚከፍሉት አዛውንቱ ቤት ላሳለፈችው ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህ ነውር ነው።

መንግሥት በ2025 እ.ኤ.አ. ለተንከባካቢዎች ፍትሐዊ ክፍያ ስምምነት 500 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመድብ አስታውቋል። ጅምሩ ደግ ነው፤ የሚተገበረው ግን በ2028 ነው። ገንዘቡ በእንክብካቤ ዘርፉ ላሉት 1.6 ሚሊዮን ገደማ የሥራ መደቦች ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 310 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ለዓመት ልፋት ይህ ምን ይፈይዳል?

አብዛኛውን የእንክብካቤ አገልግሎት የሚገዙት የአካባቢ ምክር ቤቶች ናቸው። እነሱ የሰዓቱን ዋጋ ካላሳደጉ አሠሪው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ግምጃ ቤቱ በጀታቸውን ይጨምር፤ የመንገዱን ሰዓት ክፍያ ማስከበር ደግሞ 2028ን መጠበቅ የለበትም።