ለቅሶ የማይደርስ ጓደኛ ጓድ አይሆንም

ካገራችን ርቀን በትምህርት ላይ የምንገኝ ተማሪዎች በያለንበት ከተማ የራሳችንን አነስተኛ ኑሮ መሥርተናል። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት፣ በስቶክሆልምም ሆነ በሮማ፣ አራትና አምስት ሰው በተገናኘበት ሥፍራ ሁሉ ዕቁብ ይጣላል፤ ቡና ይፈላል፤ ለአዲስ መጪ ማደሪያ ይፈለግለታል፤ ካገር ቤት የመጣ በርበሬና ሽሮ ለየሰው ይካፈላል። ይህን ኑሮ መንግሥት አላቋቋመውም፤ ፓርቲም አልመራውም። ሰው ለሰው ስለሚያስፈልገው ብቻ የቆመ ነው። ስለ ፖለቲካ በተጻፈ ቁጥር ግን ይህ ኑሮ እንደ ተራ ነገር ተቆጥሮ ይታለፋል። እኛ ዛሬ ስለዚሁ ተራ ስለሚባለው ነገር ለመጻፍ ተነሥተናል። ለምን ቢባል፣ ባለፉት ዓመታት በመካከላችን ከሁሉ አብልጦ የተጎዳው እሱ ሁኖ ስላገኘነው ነው።

ነገሩን በግልጽ እናስቀምጠው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በውጭ አገር የሚማር የትግራይ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ ብዙ ወራት አሳለፈ። ከዚያ አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. በወለጋ የስልክ መሥመር ተዘግቶ የደምቢ ዶሎ ልጅ ተመሳሳይ ጭንቅ አይቶ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ የጎንደርና የጎጃም ልጅ ያንኑ ጽዋ ጠጣ። ሦስቱም ልጆች ባንድ የተማሪዎች መኖሪያ ቤት፣ ባንድ ወጥ ቤት ውስጥ ምግባቸውን ሲያበስሉ የነበሩ ናቸው። ሦስቱም የጠበቁት አንድ ነገር ነው፤ እሱም የእናት ድምፅ ነው።

ታዲያ ጓደኛ ምን አደረገ? አንዳንዱ በሩን አንኳኩቶ «ከቤት ወሬ አገኘህ ወይ?» ሲል ጠየቀ። ብዙው ግን ዝም አለ። ዝም ያለው ሁሉ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ብጠይቀው ወገን የለየሁ ይመስልብኛል፤ የኔ ሰዎች ይታዘቡኛል፤ እሱም ይቆጣኛል፤ ከሚል ፍርሃት ነው። ሌላው ደግሞ ከዝምታም አልፎ የጓደኛው አገር ሲደበደብ በስልኩ ላይ የደስታ ምልክት ሲያኖር ታይቷል። በዚህ ጊዜ ነው ዓመታት ሙሉ ባንድ ገበታ የበሉ ሰዎች በመንገድ ላይ ሲተያዩ ፊታቸውን ማዞር የጀመሩት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በትግራይ የተኩሱን ድምፅ አቆመ። የዞረውን ፊት ግን አልመለሰም፤ ሊመልስም አይችልም። እሱ የኛ የራሳችን ሥራ ነው።

መቸም ባገራችን ልማድ የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። ከሟቹ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ሙግቱን ትቶታል ማለት አይደለም። ቀጠሮው ሲደርስ ፍርድ ቤት ይቆማል፤ መሬቱንም ይጠይቃል። ለቅሶ ላይ መገኘቱ ግን ክርክሩ በሰው መካከል የሚደረግ ክርክር እንጂ ሰውን ለማጥፋት የሚደረግ አደን አለመሆኑን ያስታውቃል። ዕድርም እንዲሁ ነው። ድንኳኑን ሲተክል የሟቹን ቋንቋ አይጠይቅም፤ መዋጮውን መክፈሉን ብቻ ነው የሚያየው። ይህን ያቆዩልን ያልተማሩ የተባሉ አባቶችና እናቶች ናቸው። የተማረው ክፍል ከነሱ የተሻለ ነገር ካላመጣ፣ ቢያንስ እነሱ ያቆዩትን ማፍረስ አይገባውም።

የተማሪውን ንቅናቄ ታሪክ ስንመለከት ይኸው ጥያቄ ከፊታችን ይቆማል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ከያውራጃው የመጡ ነበሩ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ሲወጣ ሁሉም አልተስማማበትም፤ ብዙ ክርክርም አስነሥቷል። ነገር ግን በወሩ ታኅሣሥ 19 ቀን ጥላሁን ግዛው በጥይት ሲገደል፣ የተስማማውም ያልተስማማውም በስድስት ኪሎ አስከሬኑን ከብቦ አንድ ላይ አለቀሰ፤ ወታደሩ በማግሥቱ ሲተኩስም ባንድ ላይ ወደቀ። ለቅሶና ትግል በዚያ ቀን አልተለያዩም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እናውቃለን። በነሐሴ 1963 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በተደረገው ጉባኤ የሰሜን አሜሪካው የተማሪዎች ማኅበር ተከፈለ። በአውሮፓም መለያየቱ እየሰፋ ሄደ። በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ የተመሠረተው መኢሶንና በ1964 ዓ.ም. በበርሊን የተመሠረተው ኢሕአፓ ሁለቱም ከዚሁ ከተማሪው ማኅበር ማሕፀን የወጡ ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ አንዱ ደርግን እየተቹ መደገፍ ይሻላል አለ፤ ሌላው ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። በውጭ አገር ባንድ ክፍል ያነበቡ፣ ባንድ ሳንቲም ቡና የጠጡ ሰዎች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እንደ ጠላት ተፈላለጉ። ከመኢሶን መሪዎች አንዱ የነበረው ኃይሌ ፊዳና ከኢሕአፓ መሪዎች አንዱ የነበረው ብርሃነ መስቀል ረዳ፣ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ ተገደሉ። በሐሳብ የተለያዩት ሰዎች በመቃብር ተገናኙ።

የገደላቸው ደርግ ነው፤ ይህን ማድበስበስ አይገባም። የፖለቲካ ልዩነታቸውም እውነተኛ ልዩነት ነበር እንጂ የግል ኩርፊያ አልነበረም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። አምባገነን መንግሥት ሰዎችን አንድ በአንድ ለመልቀም የሚመቸው እርስ በርሳቸው መለቃቀስ ባቆሙ ጊዜ ነው። የአንዱ ሞት ለሌላው የምሥራች ከሆነ፣ ገዳዩ ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል ማለት ነው። ይህ ትምህርት በብዙ ሺህ ወጣት ደም የተገዛ ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ ልንከፍልበት አይገባም።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። የመጀመሪያው «እንግዲያውስ ፖለቲካውን ትተን እንጀራችንን እንብላ፤ ማኅበሩም የበዓል ማኅበር ይሁን» የሚል ነው። ይህ አድርባይነት ነው። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነት የማይነጋገር የተማሪ ማኅበር እንቁጣጣሽን ለማክበር ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም። ዝም ተብሎ የሚቆይ ወዳጅነትም የመጀመሪያው ነፋስ ሲመታው ይወድቃል፤ በ2013 ዓ.ም. ያየነውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «ወገኔን ከሚያስገድል ሰው ጋር ምን ወዳጅነት አለ?» የሚል ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉም አናልፈውም። ሰው እንዲገደል የሚቀሰቅስ፣ ሬሳ እያየ የሚጨፍር፣ ማንም ይሁን ማን፣ በማኅበራችን ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ነገር ግን ስለ ፌዴራል አስተዳደር ከኛ የተለየ ሐሳብ ያለው ወይም ሌላ ባንዲራ የሚይዝ ተማሪ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። ይህን ልዩነት ማየት ያልቻለ ሰው ፖለቲካ ጀመርኩ አይበል።

ለአገር ቤቱ ተማሪ ደግሞ ነገሩ የወዳጅነት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርስቲ በተነሣ ጠብ ተማሪዎች ሞተዋል። በተከታዩ ወር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርስቲ ወደየቤታቸው የተነሡ ተማሪዎች በመንገድ ላይ ታግተዋል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርስቲ የሚመለሱ ተማሪዎች በገብረ ጉራቻ አካባቢ ካውቶቡስ ወርደው ተወስደዋል፤ ቤተ ሰቦቻቸውም የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቀዋል። እነዚህ ልጆች የፈለጉት ፈተና ጨርሰው ቤታቸው መግባት ብቻ ነበር። ከባሕር ማዶ፣ በሰላም ከተማ ሙቅ ክፍል ውስጥ የተጻፈ የስድብ ቃል ባንድ ደቂቃ ውስጥ በነዚያ ልጆች መኝታ ቤት ይደርሳል። ጸሐፊው ጽፎ ይተኛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ባንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች የሚያድሩት የሁለት ብሔረሰብ ልጆች ናቸው።

ወደ አገር ቤት ስለሚደረግ ጉዞም አንድ ነገር እንበል። በዕረፍት ጊዜ ቦሌ የሚያርፍ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሠርግ በልቶ፣ ካዛንቺስንና ቦሌን ዞሮ ይመለሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ባንድ ዓመት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሁኗል። ስለዚህ እንግዳው በጥቂት ዶላር ጌታ ሁኖ ይሰነብትና «አገሩ እኮ ደኅና ነው» ብሎ ይመለሳል። ያው ምንዛሪ ግን የመምህሩን ደመወዝ በእጁ ላይ አሟሙቶታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ሰምተናል። ይህን የሚያስረዳው የሆቴል ሰገነት ሳይሆን የመምህሩና የተማሪው ቤት ነው።

ስለዚህ ለየማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከአባላት አንዱ ሐዘን ሲደርስበት፣ ወገኑና ፓርቲው ሳይጠየቅ፣ በሦስት ቀን ውስጥ የማኅበሩ ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ያጽናኑት። መርዶ የሚነገረውም በጓደኛ አፍ እንጂ በስልክ መስታወት ላይ እንዳይሆን ይጣር።

ሁለተኛ፣ በየወሩ ግልጽ ክርክር ይደረግ። ተከራካሪው የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ፣ ባላጋራው «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ያስረዳ። ይህን ማድረግ ያቃተው ሰው ገና አልሰማም።

ሦስተኛ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ከሌላ ወገን የሆነውን ጓደኛውን ቤተ ሰብ ሳያይ አይመለስ። መንገዱ ከፈቀደ እቤታቸው ይሂድ፤ ካልፈቀደም አዲስ አበባ ያለውን ዘመዱን ይጠይቅ። የአድዋን ልጅ መልእክት የጎጃም ልጅ ያድርስ፤ የጎጃሙን ልጅ መልእክት የአምቦ ልጅ ይቀበል። የእናት ቡና ቀምሶ የመጣ ሰው በዚያች እናት አገር ላይ በሚወድቅ ቦምብ ሊደሰት አይችልም።

አራተኛ፣ የማኅበራችን ደጅ ለተማሪ ብቻ አይከፈት። በቤሩትና በሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን፣ በየከተማው ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን የዚሁ ኑሮ ባለቤቶች ናቸው። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር፣ በየኤምባሲው ደጅ የቆመው ሰልፈኛ የተባራሪዎቹን ብሔረሰብ አልጠየቀም። በሌላ አገር መንግሥት በተደረገ ግፍ ጊዜ የተቻለው ነገር፣ ግፉ በራሳችን መንግሥታትና ታጣቂዎች በተሠራ ጊዜ የማይቻልበት ምክንያት የለም። የሚከብድ መሆኑን አንክድም፤ ቢሆንም ይቻላል።

እነዚህ ነገሮች ጦርነት አያቆሙም። የአገራችንንም የፖለቲካ ጥያቄ አይመልሱም፤ ለሱ ድርጅት፣ ፕሮግራምና ድርድር ያስፈልጋል። ነገር ግን ነገ አንድ የድርድር ጠረጴዛ ሲዘረጋ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ናቸው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙት አንዱ የሌላውን እናት ስም የሚያውቁ ሰዎች ሁነው ይሁን ወይስ እንግዶች፣ ያ ከዛሬ ጀምሮ በየወጥ ቤታችንና በየማኅበራችን የሚወሰን ነው።

ባገር ቤትም በውጭም ያላችሁ ተማሪ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ሐሳባችሁን አትሸሽጉ፤ ክርክራችሁንም አታለዝቡ። ነገር ግን ፊቱን ያዞረ ጓደኛ ያላችሁ እንደሆነ ዛሬውኑ ደውላችሁ የቤቱን ሰዎች ጠይቁት። ያለፈ ለቅሶ ካለም ሂዱና ድረሱ። ለቅሶ ዘግይቶ ቢደረስም ይቆጠራል።