የመድኃኒት ወረቀታችንን ማን ያርመው?

የጤና ወረቀቶችን ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ እየመለስን በዚህ ዓምድ የምናቀርብላችሁ እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ባለሙያ እንዲያየው እናደርጋለን። ይህ ግን እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም።

ስለ ስኳር በሽታ የተዘጋጀውን አራት ገጽ፣ ዕብራይስጡንና አማርኛውን አያይዘን፣ እዚሁ ሮቫ ሔት ለሚሠሩ አንዲት አሖት ሰጠን። በማግስቱ «ኮል ሐካቮድ፣ በጣም ጥሩ ነው» ብለው መለሱልን። ደስ አለን። ኋላ ስናስበው ግን አሖቷ አማርኛ አያነቡም፤ እኛም «ጥሩ ነው ወይ?» ብለን ነበር የጠየቅነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ከምስጋና በቀር ምን ያገኛል?

በሁለተኛው ጊዜ ወረፋው ካለቀ በኋላ፣ አንድ ገጽ ብቻ ይዘን ሄድን። ዕብራይስጡን ያላየች አንዲት ልጃችን አማርኛውን እያየች በቃሏ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችላቸው። «ስህተት ይፈልጉልን» አልናቸው። «ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ» የሚለው ላይ ስትደርስ አሖቷ «የትኛው ክፍል?» አሉ። እኛ ፍሪጅ ስንል በረዶ የሚሠራበትንም ጨምረን ነው፤ በዕብራይስጥ ግን መካሬር ሌላ፣ ማክፒ ሌላ ነው። ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይወጉትም፣ ይጣላል። ይህን ጨመርን።

ሰዓቱን ግን አሖቷም አላገኙትም። ዕብራይስጡ ክኒኑ «በ8» ይዋጥ ይላል፤ እኛም «በ8 ሰዓት» ብለን ነበር፤ ልጅቷም «ሽሞኔ» ብላ መለሰችው። ያገኙት በቅርቡ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። «በስምንት ሰዓትማ ምሳ በልተን ቡናውም አልቆ ነው፤ ከቁርስ ጋር አላላችሁም እንዴ?» አሉን። የስድስት ሰዓት ልዩነት! አሁን «ጧት 2 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 8:00» እያልን ሁለቱንም እንጽፋለን።

የታረመውን ለአሖቷ ስናሳያቸው፣ እሳቸው የነገሩን ሁሉ መግባቱን አይተው ቀጣዩን ራሳቸው ጠየቁን። እሱም ስለ ሕፃናት ሽሮፕ ነው። ወረቀቱ «አንድ ማንኪያ» ይላል፤ የሻይ ማንኪያ ነው ወይስ የሾርባ? ቤታችሁ በየትኛው እንደምትሰጡ ንገሩንና ይዘነው እንሄዳለን።