ሆቴሉ ያምራል፤ ሒሳቡን ግን ማን ይከፍላል?

ለመሪዎች ስብሰባ ተብሎ በሕዝብ ገንዘብ ትልቅ ሆቴልና አዳራሽ መሥራት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ይህ ክርክር በየአገሩ አለ። አዲስ አበባ በ2025 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አዲስ ኢንተርናሽናል ኮንቬንሽን ማዕከልን አስመርቃ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዳበታለች። እኛ ባልባላ ያለን ሰዎች ግን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሚኒባስ ይዘን አምቡሊን ተሻግረን ከተማ ስንወርድ፣ ምሳሌው ባሕሩ ዳር ቆሞ እናገኘዋለን።

እንደሚታወቀው ጅቡቲ ፓላስ ኬምፒንስኪ በኖቬምበር 2006 የተከፈተው ለምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) 11ኛ የመሪዎች ጉባኤ እንዲደርስ ተብሎ በጥድፊያ ተሠርቶ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ናኪል የተባለው የዱባይ መንግሥት ኩባንያ ነበር። ስለዚህም ብዙ ሰው "ዱባይ ከፍላ ለሠራችው እኛ ምን አገባን?" ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም።

በመጀመሪያ የደጋፊዎቹን ክርክር በቅንነት እንስማ። ጅቡቲ የሚታረስ መሬት እምብዛም የላትም፤ የምትኖረው በወደብና በአገልግሎት ነው። እንግዳ የምታሳርፍበት ቦታ ከሌላት ጉባኤው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። እንግዳ ሲመጣ ታክሲው፣ ዓሣ ሻጩ፣ ልብስ አጣቢው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል። በ2008 የሶማሊያ የሽግግር መንግሥትና ተቃዋሚዎቹ የተስማሙት፣ በጃንዋሪ 2009ም ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ በፓርላማ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት በዚህችው ከተማ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም አንድ ነገር እንዳንረሳ። በ2000 ትልቁ የሶማሊያ የዕርቅ ጉባኤ የተካሄደው አርታ ላይ ነው። ጉባኤው ለወራት የቆየ ሲሆን፣ የአገር ሽማግሌው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሴቶቹም ተቀምጠውበት አብዲቃሲም ሰላድ ሐሰን ፕሬዚዳንት ሆነው ወጡ። ያኔ ኬምፒንስኪ የሚባል ነገር በጅቡቲ አልነበረም። እንግዲህ ጉባኤን የሚያመጣው ኮከብ የተቆጠረለት ሆቴል ብቻ ሳይሆን የአስተናጋጁ ተሰሚነትም ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሆቴሉን የሠራው ናኪልና ወደቡን ይዞ የነበረው ዲፒ ወርልድ ያኔ የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ዱባይ ወርልድ በሚባለው ግዙፍ ድርጅት ሥር ነበሩ። የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ውልም የተፈረመው ሆቴሉ በተከፈተበት በዚያው በ2006 ነው። አንዱ ለሌላው መደለያ ነበር ብለን አንፈርድም። የሆነውን ግን እናውቃለን። በፌብሩዋሪ 2018 የጅቡቲ መንግሥት ውሉን አፍርሶ ተርሚናሉን ወሰደ፤ በ2019 ደግሞ የለንደን የግልግል ፍርድ ቤት ጅቡቲ 385 ሚሊዮን ዶላርና ወለዱን እንድትከፍል ወሰነ። በዚህ ክርክር ማን ትክክል ነው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኛ ትምህርቱ፣ ባለሀብት ሲመጣ ሆቴሉን ለብቻው፣ ወደቡን ለብቻው አድርጎ መቁጠር እንደማይቻል ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ የተባለው ለዚሁ ነው።

ከዚህም ሌላ ባለቤቱ ራሱ ሊወድቅ ይችላል። ሆቴሉ በተከፈተ በሦስት ዓመቱ፣ በኖቬምበር 2009፣ ዱባይ ወርልድ ዕዳዬን የምከፍልበት ጊዜ ይራዘምልኝ ብሎ ዓለምን አስደነገጠ። የናኪልም ዕዳ የተከፈለው አቡ ዳቢ ለዱባይ 10 ቢሊዮን ዶላር ስለሰጠች ነው። ዱባይ አቡ ዳቢ የምትባል ጎረቤት ነበረቻት። ድሃ አገር በራሱ ግምጃ ቤት እንዲህ ያለ ሆቴል ሠርቶ ጉባኤ ባይመጣለት ማን ይደርስለታል? የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ተበድረው የገዙት ወርቅ ደግሞ ያከስራል።

ዕዳ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ከኢትዮጵያ ሐዳጋላ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው የውሃ መስመር በ2017 የተመረቀው በቻይና ብድር ተሠርቶ ነው። እሱም ዕዳ ነው፤ ልዩነቱ ግን ውሃ ሁሉም ሰው የሚጠጣው መሆኑ ነው። ጀሪካን ተሸክማ ቦቴ ለምትጠብቅ የባልባላ እናት የትኛው ዕዳ እንደሚቀድም መንገር አያስፈልግም። ባልባላ ራሷ የተቆረቆረችው ፈረንሳዮች በ1966 ከተማውን በሽቦ ሲያጥሩ መግባት የተከለከለው ሰው ከአጥሩ ውጭ ሰፍሮ ነው። ከተማው የተሠራው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ሰፈር የቆየ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ዓሊ አዴና ሆልሆል ካምፕ ያለ ስደተኛን ይህ ሁሉ ምን ይመለከተዋል? በጣም ይመለከተዋል። በጃንዋሪ 2017 የወጣው የስደተኞች ሕግና በዚያው ዓመት ዲሴምበር የተከተሉት ድንጋጌዎች፣ ለታወቀ ስደተኛ የመሥራትና የመማር መብት ሰጥተዋል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ሆቴልም ሆነ አዳራሽ ሲሠራ እንደ ተመልካች ቆመን "ያምራል፣ አያምርም" የምንል መሆን የለብንም። ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሥራው በሚቀዘቅዝበት ዓመት ኪሳራውን ማን ይሸከማል? ሕዝቡ በምትኩ ምን ሰጠ፦ መሬት፣ ወደብ ወይስ የግብር ምሕረት? በወጥ ቤቱ፣ በልብስ አጠባው፣ በእንግዳ መቀበያው ማን ይቀጠራል?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በከፊል በእጃችን ነው። መብት በወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሆነው። ፈረንሳይኛ እንማር፤ የሙያ ሥልጠና ሲመጣ እንመዝገብ፤ የስደተኛ ወረቀታችንን ጊዜው ሳያልፍ እናድስ። በየካምፑ ያሉት ኮሚቴዎቻችንም ከኃላፊዎች ጋር ሲቀመጡ የሆቴልና የመስተንግዶ ሥልጠና ይሰጠን ብለው ይጠይቁ። አዳራሹ የሚከፈተው ለመሪዎች ቢሆንም፣ ወንበሩን የሚደረድረው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ያ ሰው ከእኛ መካከል የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ቸር ያሰማን።