ልቡ ታከመ፤ ማስታወሱንስ ማን ጠየቀው?

"ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ" ሲባል ቤተሰብ እልል ይላል፣ ስለቱን ያስገባል፣ ጠያቂ ይጎርፋል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ታካሚው የወዳጁ ስም ይጠፋበታል፤ ሒሳብ ሲቆጥር ይሳሳታል፤ የጀመረውን ወሬ መሃል ላይ ይጥለዋል። ቤተሰቡ "ድካም ነው" ይላል፤ ጎረቤቱ "ዕድሜ ነው" ይላል። ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን ደረቱን አዳምጦ "ልብህ ደህና ነው" ብሎ ይሸኘዋል። አስቀድሞ የነገረው ስለሌለ ሰውየው "አበድኩ እንዴ?" ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱንም ይደብቃል።

ይህ ዝምታ ሰበብ የለውም። ጉዳዩ ከታወቀ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የልብ ደም ሥር ባይፓስ የተሠራላቸውን 261 ሰዎች ተከታትለው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ከሆስፒታል ሲወጡ 53 በመቶ የሚሆኑት በማሰብና በማስታወስ ፈተና ከቀድሞው ዝቅ ብለው ተገኙ። ከ6 ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ወደ 36፣ ከ6 ወር በኋላ ወደ 24 በመቶ ወረደ። ከ5 ዓመት በኋላ ግን ተመልሶ 42 በመቶ ደረሰ።

በመጀመሪያ ጥፋቱ ሁሉ የተላከከው በኦፕራሲዮን ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራው ማሽን ላይ ነበር። ጥቃቅን የረጋ ደምና የአየር አረፋ ወደ አንጎል ይልካል ተባለ። በኋላ ግን ልብ እየመታ፣ ያለ ማሽን የተሠራላቸው ሰዎች ሲመረመሩ የተጠበቀው ያህል ልዩነት አልተገኘም። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ የልብ ደም ሥር በሽታ ኖሯቸው ያልተቀደዱ ሰዎችን አብረው ሲከታተሉ፣ ከዓመታት በኋላ የሚታየው መዳከም በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነ። የልብን ደም ሥር ያጠበበው በሽታ የአንጎልንም ደም ሥር አይምርም። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፦ ከኦፕራሲዮን ማግስት የሚመጣው መርሳት በብዙዎች ላይ እየተሻለ ይሄዳል፤ የኋለኛው ግን የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ሲጋራን መቆጣጠር የሚጠይቅ ረጅም ትግል ነው።

"ይህን ከነገርነው ይፈራል፣ ኦፕራሲዮኑን ይተዋል" የሚሉ አሉ። ክርክሩ ለታካሚው ያዘነ ይመስላል፤ እንደ ሕፃን መቁጠር ግን ማዘን አይደለም። ደም ሊፈስስህ ይችላል፣ ልትሞትም ትችላለህ ተብሎ ፎርም የሚፈርም ሰው፣ "ለጥቂት ወራት ልትረሳ ትችላለህ" ሲባል ነው የሚሸሸው? ያልተነገረው ሰው ነው ሲደርስበት የሚደነግጠው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ብዙዎቹን ለኦፕራሲዮን የሚያደርሳቸው በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው፤ ታካሚዎቹም ገና ወጣቶች ናቸው። የአሜሪካ አዛውንቶችን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ለእነሱ መስጠት ስህተት ይሆናል። ነገር ግን ብረት የልብ በር የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይውጣል፣ ደሙንም በየጊዜው ያስለካል። ክኒኑን ካቋረጠ በሩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከደገመው ደም ይፈሰዋል። እዚህ ላይ መርሳት ቀልድ አይደለም። ክኒኑን የዘለለውን ልጅ "ግድየለሽ" ብሎ ከመቆጣት በፊት፣ ማስታወሱ እንዴት እንደሆነ የጠየቀው አለ?

የሚጠየቀው ውድ መሣሪያ አይደለም። ከኦፕራሲዮን በፊት በወረቀትና በእስክሪብቶ ጥቂት ቃላት አስይዞ ማስደገም፣ ሰዓት ማሳል፣ ውጤቱን ካርዱ ላይ መጻፍ። ታካሚውንና አስታማሚውን አንድ ላይ አስቀምጦ፣ በሚገባቸው ቋንቋ መንገር። ከኦፕራሲዮን በኋላ ቢቃዥ ወይም ሰው ቢሳሳት "መንፈስ ነው" ሳይሉ ወዲያው ለነርሷ እንዲናገሩ ማስረዳት። በክትትል ጊዜ ፈተናውን መድገም። ክኒን የሚያስታውስ አንድ ሰው ከቤት መመደብ።

አማርኛ ድሮውንም ማስተዋልን "ልብ ማለት" ይለዋል። ሐኪም ቤቶች ግን ልብን ለብቻው አክመው ባለቤቱን ይሸኛሉ። የደም ግፊት ለመለካት ጊዜ ያለው ክፍል፣ "ማስታወስህስ እንዴት ነው?" ለማለት ጊዜ አያጣም። ባይጠይቁም ታካሚው ይጠይቅ፤ እሱ ቢረሳ አስታማሚው ይጠይቅ።