ደውላ የምትጠይቅ ነርስን አትናቋት



«ነርሷ ለሐኪም ደውላ ጠየቀች፤ አታውቅም ማለት ነው» ብለው ልጃቸውን ይዘው ከጤና ጣቢያ የሚወጡ ወላጆች አሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ። ደውላ የምትጠይቅ ነርስ ልጃችሁን በአደራ የምትሰጧት ነርስ ናት።

ልምድ ያለው ባለሙያ ከሌላው ጎን ሆኖ፣ በአካልም በስልክም፣ ሥራውን እያየ ሲያግዘው በሙያችን «ሜንተሪንግ» እንለዋለን። በከተማና በገጠር መካከል ሲሆን ግን ቀላል አይደለም።

አሊዩ አምባን እንውሰድ። ከአንኮበር ደጋ ቁልቁል ተወርዶ የሚገኝ፣ የጥንት የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነው። በአካባቢው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ አማራውና አርጎባው አብረው ይኖራሉ። ሽቅብ ወጥተን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ከፍታው ከ2,700 ሜትር ያልፋል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ነው።

ስለዚህ ደጋ ላይ የሠራ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ ቶሎ ወባ ላይመጣለት ይችላል። የቆላዋ ነርስ ግን መጀመሪያ የምታስበው እሱን ነው። ለቀን ሥራ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የተመለሰ ደገኛ ሲያተኩሰው «ሰሞኑን የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅን ሐኪሙ ከእሷ ይማራል። የስኳር ሕመምተኛው ረመዳን ሳይገባ ስለ መድኃኒቱ እንዲመካከር፣ ነፍሰ ጡሯ በሁዳዴ ምን እንደምትበላ ሳያስቀይሙ ማነጋገርም የእሷ እውቀት ነው። ሐኪሙ በበኩሉ የከበደ ሕመም እንዴት እንደሚለይ፣ መቼ ሪፈር እንደሚባል ያሳያታል። ትምህርቱ ከሁለቱም ወገን ነው።

ሩቅ አገርም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ የጉበት ስፔሻሊስት ጋ መድረስ ላልቻሉ ታማሚዎች «ፕሮጀክት ኤኮ» የተባለውን ሥራ ጀመሩ። የገጠርና የማረሚያ ቤት ባለሙያዎች በቪዲዮ ከስፔሻሊስቶች ጋር እየተመካከሩ ሄፓታይተስ ሲን አከሙ። በ2011 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ በእነሱም በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክም ከታከሙት ከ100 ሰው 58 ያህሉ ድነዋል። ታማሚው ከቀዬው ሳይርቅ ማለት ነው።

እኛም መሠረቱ አለን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከማኅበረሰቡ የወጡ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው ጤና ኬላ መደበ። የሚቀረን ድጋፉን የዘወትር ማድረግ ነው። ቼክሊስት ሞልቶ የሚመለስ ጎብኚ ሜንተር አይባልም። ባለሙያዋን በታካሚ ፊት የሚቆጣማ ጭራሽ ይጎዳል፤ ያንን ያየች እናት በማግስቱ ልጇን ጤና ኬላ አታመጣም። ቤት ትቆይና ከባሰበት በኋላ ሩቅ መንገድ ትጀምራለች። ወባ ደግሞ በሕፃን ላይ ጊዜ አይሰጥም።

ታዲያ ከእናንተ ምን ይጠበቃል?

✅ ልጃችሁን ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የወባ ምርመራ ይደረግለት።

✅ ባለሙያዋ ስልክ ስትደውል ታገሱ። የሰጣችሁትን የቤት መድኃኒት፣ ዳማከሴም ቢሆን፣ ሳትደብቁ ንገሯት።

✅ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ከመጣበት ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ አስቸኳይ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል!

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል፦ ወደ ቆላ ስንወርድ ለማስተማር ብቻ አንውረድ። አባቶች «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉት ለነርሷም ለሐኪሙም ነው።

መልካም ጤና!