ለአእምሮ ሕሙማን ሲጋራ የማቆም እገዛ፦ የስልክ ምክር ምን ያህል ያዋጣል?

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሲያጨስ፣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ተዉት፣ ሌላ ምን ደስታ አለው?» ይላል። አባባሉ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል።

በቡታጅራ አካባቢ ለ10 ዓመታት የተደረገ ክትትል እንዳሳየው፣ እነዚህ ሕሙማን ከሌላው ሕዝብ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። የትምባሆ ጭስ ደግሞ ሳንባን ለነቀርሳና ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በጤና ተቋማትና ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስን፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑም ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ክልከላ ብቻውን ግን ሱስን አያስለቅቅም።

በብሪታንያ 526 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ለዚህ ማሳያ ነው። ለሕመማቸው የተስማማ ምክርና መድኃኒት ካገኙት 14 በመቶ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ደግሞ 6 በመቶ በስድስተኛው ወር ማጨስ አቁመው ተገኝተዋል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ልዩነቱ ጠብቧል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ማቆም ይቻላል፣ ክትትሉ ግን መቋረጥ የለበትም።

ስልክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከመቂ አዳማ ለምክር መመላለስ የትራንስፖርት ወጪና የአንድ ቀን ሥራ ይጠይቃል፤ በአጨዳ ወቅትማ የማይታሰብ ነው። በየሳምንቱ የጥቂት ደቂቃ ጥሪ ይህን ያቃልላል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስልኩ የቤተሰቡ ሁሉ ከሆነ ምስጢር አይጠበቅም። በጥርጣሬ የሚሠቃይ ሕመምተኛም የማያውቀውን ድምፅ ሊፈራ ስለሚችል፣ ምክሩ መድኃኒት በሚወስድበት ተቋም ከሚያውቀው ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ቢጀመር ይመረጣል።

ዋናው ጉዳይ መድኃኒቱ ነው። የትምባሆ ጭስ ጉበት እንደ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ያሉትን መድኃኒቶች ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨስ ሲቆም የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ከልክ ያለፈ እንቅልፍና ድካም ሊከተል ይችላል። ሲጋራ ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ብስጭትና እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙ እንዳገረሸ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

ስለዚህ በስልክ የሚመክረውና መድኃኒት የሚያዘው ባለሙያ ሳይነጋገሩ የሚሰጥ አገልግሎት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ቤተሰብም ሕመምተኛው ለማቆም ሲወስን አስቀድሞ ለሐኪሙ ማሳወቅ፣ መድኃኒቱንም በራሱ ፈቃድ እንዳይቀንስ ወይም እንዳያቋርጥ ማገዝ ይጠበቅበታል።